በሞቴ የማይል ማሽን

ወይዘሮ ለተማርያም በዕድሜያቸው አንድም ነገር በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብለው አያውቁም። ምሳ ላይ ደርሰው "ቅረቡ" ሲባሉ "አሁን በልቼ መውጣቴ ነው" ይላሉ፤ ሲደገም "ኧረ ጠግቤያለሁ" ይላሉ፤ "በሞቴ!" ሲባሉ ግን "እንግዲህ ላላስቀይማችሁ" ብለው ይቀመጡና ከባለቤቱ አብልጠው ይበላሉ። ይኼ ውሸት አይደለም፣ ወግ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለአፍ ያህል ነው፤ ከአንጀት የሚመጣው "በሞቴ" ያለበት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ ገበታ የሚቀርብ ሰው እሳቸው ዘንድ ስሙ አንድ ነው፦ አሳዳጊ የበደለው።

ወጉ አልፎ አልፎ አስከፍሏቸዋል። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ በኖሩበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር እንዲሆኑ ተጠይቀው "እኔ ምን አውቄ!" አሉ። ሁለተኛ የሚጠይቃቸው ጠፋና ወንበሩን ካርታ ገልብጦ የሚሰቅል ሰው ወሰደው። ወይዘሮ ለተማርያም እስከ ጡረታቸው ድረስ የወቀሱት ታዲያ ወጉን አልነበረም። "በሞቴ" ማለት የማያውቁትን ሹማምንት ነበር።

ይህን ጠባያቸውን ይዘው ሳሉ ነው አቶ ሽመልስ ሽማግሌ የላኩባቸው።

አቶ ሽመልስ ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ግርጌ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። የወይዘሮ ለተማርያም ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለውትድርና ሐረር መጥተው በዚያው የቀሩ ሻምበል ነበሩ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይቷል። ሁለቱ ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ ፈንጠር ፈንጠር ብለው፣ ኋላ ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ቀጥሎ ደግሞ አቶ ሽመልስ ሸዋ በር አጠገብ ካለው የወይዘሮዋ ግቢ ደጃፍ ተቀምጠው ወሬ ማውራት ያዙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ሆነው ጎሬን ከጎባ አይለዩም። ወይዘሮ ለተማርያም ያርሟቸዋል፤ እሳቸው በማግስቱ እንደገና ይሳሳታሉ። ወይዘሮዋ ሰውየው አውቀው እንደሚሳሳቱ ጠርጥረዋል። ይህ ጥርጣሬ ሌሊት ሌሊት ፈገግ ያሰኛቸው ነበር።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ እንደሻውና የአቶ ሽመልስ ወዳጅ ሙባረክ አንድ እሑድ መጥተው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። "ተቀመጡ እንጂ" ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ያኔ ወይዘሮ ለተማርያም ገባቸው። ደስታው ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ጠጉራቸው ወጣ። ሲናገሩ ግን ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ነው።

"ምነው እናንተ ሰዎች! በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል? አይሆንም፣ ተዉኝ!"

ይህም ሲተረጎም "ለሳምንት ተመለሱ" ማለት ነው። የሻምበሉም ሽማግሌዎች በጊዜያቸው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ስለዚህ ወይዘሮዋ የሶፋውን ልብስ አጠቡ፣ ከሣጥን ያልወጣውን ነጠላ አወጡ፣ እሑድን ጠበቁ። እሑድ ማንም አልመጣም። የሚቀጥለውም እሑድ ማንም አልመጣም። አቶ ሽመልስ ጭራሽ ቅዳሴ የሚያስቀድሱበትን ደብር ቀየሩ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገር የተበላሸው። ወይዘሮ ለተማርያም መጋረጃ መግለጥ ተዉ። ቀጥሎ ገበያ ተዉ። ቀጥሎ ሹሮው ጨው ይጨመርበት አይጨመርበት መወሰን አቅቷቸው ድስቱ ፊት ቆመው ማልቀስ ጀመሩ። ድሬዳዋ ባንክ የምትሠራው ልጃቸው መቅደስ መጥታ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ብትል "ምንም" አሏት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ግን የትኛዋ እናት ናት ለገዛ ልጇ "ሽማግሌ ተልኮብኝ በዚያው ቀረብኝ" የምትል?

መቅደስ እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ዶክተር ያሬድ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ፣ ምሳ የመብላት ጊዜ የሌለው። ከተማዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተከራይቶ ድብርት የያዛቸው አረጋውያን ስሜታቸውና ውሳኔያቸው እንዴት እንደሚጣላ ያጠናል።

"እማማ፣" አላቸው ግንባራቸውን በጣቱ እያሳየ፣ "እዚህ ጋ ያለው የአንጎላችን ክፍል ስሜትንና ሐሳብን ያስታርቃል። ድብርት ሲይዘን ይደክማል። ዕድሜም ሲገፋ ይደክማል። እኛ ሳንቀድ ሳንወጋ ከውጭ በትንሽዬ ኮረንቲ እናነቃቃዋለን።"

"የሚያስታርቅ ከሆነ ሽማግሌ ነው በለኛ።"

"እንደሱ ማለት ይቻላል።"

"ሽማግሌ ከሆነስ መመለስ ነበረበት" አሉ ወይዘሮ ለተማርያም ለራሳቸው። ዶክተሩ አልሰማም።

መሣሪያው ሲታይ የሚያስፈራ አልነበረም። ጎማ ጥብጣብ፣ በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች፣ የኪስ ሬዲዮ የምታህል ሳጥን። ዶክተሩ ሁሉንም አረጋውያን ሰብስቦ ደጋግሞ አስረዳ፦ ግማሾቹ እውነተኛው ኮረንቲ ይደርሳቸዋል፤ ግማሾቹ ለማመሳከሪያ ሲባል የማስመሰያው ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አሳክኮ የሚጠፋው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ እሱ ራሱም አያውቅም፤ የሚታወቀው ጥናቱ ሲያልቅ ነው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስመሰያው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው እንደሚደርስ ግን አንዳቸውም አልተጠራጠሩም።

የጨው ውሃውን ሲያዩ አንዳንዶቹ ነገሩን ከጸበል ቆጥረው በባዶ ሆድ ይመጡ ጀመር። ዶክተሩ "ቁርስ በልታችኋል?" ሲል ሁሉም በአንድ አፍ "እንዴታ!" ይሉታል። እሱም ያምናቸዋል።

ከኮረንቲው በፊትና በኋላ ፈተና አለ። ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡና ሁለት ቁልፍ ይሰጣቸዋል፣ አረንጓዴው እሺ፣ ቀዩ እምቢ። ውጭ አገር ፈተናው በገንዘብ ነበር አሉ። ዶክተሩ ግን የሸማቾችን ሱቅ ሰልፍ አይቶ በስኳር ለወጠው።

"አንድ የማያውቁት ሰው አሥር ኪሎ ስኳር ደርሶታል" አለ ኮምፒውተሩ በሴት ድምፅ። "ለእርስዎ ሦስት ኪሎ ሊሰጥዎት ይፈልጋል። ይቀበላሉ? እምቢ ካሉ ሁለታችሁም ምንም አታገኙም።"

"ኧረ ለራሱ ይሁነው፣ ምን በወጣው" አሉ ወይዘሮ ለተማርያም። ቀዩን ተጭነው "በሞቴ" እስክትላቸው ጠበቁ። ሴትዮዋ ሌላ ሰው አመጣች፣ ግማሽ በግማሽ የሚያካፍል።

"ልጆች ይኖሩታል፣ አይሆንም።" ቀይ።

ሴትዮዋ ስምንት ኪሎ የሚሰጥ ቸር አመጣች።

"እኔ ማነኝና!" ቀይ። ደግሞ ጠበቁ። ደግሞ ዝም። ወይዘሮ ለተማርያም ተቀየሙ። እንዲህ ያለ ብልግና ከሰው አይጠበቅም፤ ለካስ ከማሽንም አይጠበቅም።

ከእሳቸው በኋላ የገቡት ሁሉ እንዲሁ ቀይ በቀይ አደረጉት። ዶክተር ያሬድ ውጤቱን አይቶ እንቅልፍ አጣ። የሐረር አረጋውያን ስምንት ኪሎ ስኳር እምቢ ይላሉ! ድብርት በሰው ውሳኔ ላይ ይህን ያህል የጨከነበት አገር በዓለም ተገኝቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ አቅርቦት ተጨብጭቦለታል።

ወይዘሮ ለተማርያምን ግን ያንገበገባቸው ስኳሩ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ተራቸውን ሊጠብቁ ሲቀመጡ ፊት ለፊታቸው ግንባራቸው የራሰ፣ ከስተው ኮታቸው የሰፋቸው ሰው አገኙ። አቶ ሽመልስ ነበሩ።

"እንደምን ነዎት?" አሉ አቶ ሽመልስ ወለሉን እያዩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?"

"ይመስገን።"

አለቀ። የጨው ውሃው ከሰውየው ግንባር ወደ ቅንድባቸው ይወርድ ነበር፤ ወይዘሮ ለተማርያም በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉላቸው እጃቸው ተነሣና ተመለሰ። ይወዷቸው ነበር። ይህን ለራሳቸው በቃል ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። ወዲያው ደግሞ "ታዲያ ለምን አልተመለሰም?" ብለው ተናደዱ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ለኮምፒውተሯ ሴትዮ ሁሉንም ቀይ አወረዱላት።

በዚህ መሀል ኮረንቲው ከተማ ውስጥ ስም አወጣ። ነገሩን የጀመሩት አቶ አበበ የሚባሉ ከጥናቱ ሰዎች አንዱ ናቸው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ እንደሻው በየስብሰባው ንግግር ሲጀምሩ ፀሐይ ትጠልቃለች እንጂ ንግግሩ አያልቅም። አቶ አበበ ስንት ዓመት ሙሉ "ግሩም ነው" እያሉ ያዳመጡ ሰው፣ አንድ ቀን መሀል ላይ ብድግ አሉና "እንደሻው፣ በቃ! ተቀመጥ! ሰው ነን!" አሉ። አዳራሹ ክው አለ። ሊጣሉ ነው ተብሎ ሲጠበቅ አንዱ ከኋላ "ኮረንቲ ላይ ናቸው እኮ" ብሎ አንሾካሾከ። "አሃ!" አለ ሰው ሁሉ። አቶ እንደሻው ራሳቸው "እግዜር ይማርህ" ብለው ተቀመጡ። እድሩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ኮረንቲ ላይ ያለ ሰው ያሻውን ይናገር ጀመር። አንዷ ለምራቷ "ዶሮ ወጥ አትችዪም" ብላ ነገረቻት። አንዱ ከአርባ ዓመት ወዳጁ ሰርግ "አልመጣም፣ ደክሞኛል" ብሎ ቀረ። ማንም አልተቀየመም፤ "ኮረንቲው ነው" ተባለና ታለፈ። መብራት በጠፋ ቁጥርም ሰፈሩ ወይዘሮ ለተማርያምን "እስቲ ጠጋ ይበሉ፣ ስልኬን ልሰካ" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታቸው ዘምዘም፣ የሙባረክ ሚስት፣ በየቀኑ እየመጣች ግንባራቸውን ትዳብሳለች።

"እትዬ ለተ፣ ወላሂ ዕድለኛ ነዎት! እኔን ቢሰጡኝ ለአማቴ የምላት ነበረኝ። አሁን ምን ቢያደርጉ ማን ይፈርድብዎታል?"

ወይዘሮ ለተማርያም "ወግጂ!" ብለው እጇን ከግንባራቸው አነሡ። ሐሳቡ ግን የትም አልሄደም።

ኮረንቲው አልቆ የመጨረሻውን ጥያቄ ለመጠየቅ ዶክተር ያሬድ በየቤቱ ሲዞር ወይዘሮ ለተማርያም ዘንድ የደረሰው በምሳ ሰዓት ነው። ወይዘሮዋ ምስር ወጥ አቅርበው ነበር።

"ቅረብ፣ ምሳ ብላ።"

"ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ ዶክተሩ።

ወይዘሮ ለተማርያም በደኅናቸው ቀን ቢሆን "በሞቴ" ይሉ ነበር። የዚያን ቀን ግን ደክሟቸዋል። "እሺ" አሉና ገበታውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ዶክተሩ ዓይኑ ትሪውን ተከትሎ እስከ ጓዳው በር ሄደ። ሆዱ ተንጫጫ። ሲመለሱ ተጨንቆ አገኙት።

"እማማ… እንዲህ ነው እንዴ? አንዴ ብቻ?"

"እምቢ አልክ እኮ።"

"እምቢ ማለቴ ነው እንዴ ታዲያ! ለወጉ ነው እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም!"

ይህን ብሎ ዶክተር ያሬድ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"ስኳሩ!" አለ። "አምላኬ፣ ስኳሩ! አንዴ ብቻ ነው የጠየቅናችሁ! አንዴ ጠይቀን እምቢ አሉ ብለን ጻፍን! አጨበጨቡልኝ እኮ!"

ወይዘሮ ለተማርያም አልሳቁበትም። እሳቸውም ዳር ይዘው ተቀመጡ። ዓይናቸው ላይ የቆሙት አቶ እንደሻውና ሙባረክ ነበሩ። አንዴ ጠይቀው "እምቢ አሉ" ብለው የሄዱት። ሽመልስ ምን ያድርጉ? የሰሙት አይሆንም የሚለውን ነው። እሳቸው እዚህ ስድስት ወር ሙሉ "ለምን አልተመለሰም" ሲሉ፣ ሰውየው እዚያ "ለምን ጠላችኝ" ሲሉ። "እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮዋ፤ "ማሽኑን እንደዚያ ስሰድበው፣ ለካ ሰውም አንዴ ከጠየቀ የሚሰማው አንዱን ነው።" እንባቸው መጣ።

ዶክተሩ ያለቀሱት ለጥናቱ አዝነው መስሎት አጽናናቸው። እሳቸውም ምስሩን መልሰው አቀረቡለት።

ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ ዘምዘም እየሮጠች ገባች።

"ሰምተዋል? አቶ ሽመልስ ነገ አዳማ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው! ሙባረክ አሁን ነገረኝ። ልጁ በስልክ 'አባዬ፣ እኔ ጋ ና' ቢላቸው እሺ አሉት፣ አቦ!"

"ስንት ጊዜ ጠየቃቸው?" አለ ዶክተሩ ጉርሻውን ይዞ።

"አንዴ!"

"አንዴ ብቻ?"

"ወላሂ አንዴ!"

"ሠርቷል!" ብሎ ዶክተሩ ብድግ አለ። ወይዘሮ ለተማርያም ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም። አንድ ሽማግሌ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ካለ ወይ ድኗል፣ ወይ ተስፋ ቆርጧል። የትኛው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት ያን ከሣጥን ያወጡትን ነጠላ ለበሱ። ከቤታቸው እስከ ሚኒባሱ መቆሚያ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሸዋ በር በጠዋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቲማቲም የሚሸጠው፣ ጫት የሚያወርደው፣ ባጃጁ፣ ያስተማሯቸው ተማሪዎች፣ የተማሪዎቹ ልጆች፣ ከቅዳሴ የሚመለሰው። ሐረር ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት እዚያ ለመገኘት የተቀጣጠረ ይመስል ነበር። "ሰው ምን ይለኛል" የሚባለው ያ ሰው ማን ነው ቢባል፣ እነሆ፣ አንድም ሳይጎድል ቆሟል።

"ድሬ! ድሬ! ድሬ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል ረዳቱ። ከድሬ ወደ አዳማ የሚሻገሩት አቶ ሽመልስ ሻንጣቸውን አስጭነው አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ አድርገዋል። ሙባረክና ዘምዘም ሊሸኟቸው መጥተዋል።

"አቶ ሽመልስ!"

ዞሩ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ በራና ጠፋ።

"ሳይሰናበቱኝ ሊሄዱ?"

"እምቢ ብለውኝ የለም እንዴ" አሉ አቶ ሽመልስ ቀስ ብለው።

"አንዴ ነው እምቢ ያልኩት! ሁለተኛ ጠይቀውኛል?"

አቶ ሽመልስ እግራቸውን ከሚኒባሱ አወረዱ። "'ሰው ምን ይለኛል' ብለዋል አሉኝ። በኔ የተነሣ ሰው እንዲልብዎ አልፈለግሁም። እወድዎታለሁ እኮ… እና ተውኩ።"

ሙባረክ ሰማይ ሰማዩን አየ። ቲማቲም ሻጩ መሸጡን አቆመ። የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች መስኮቱን ከፈቱ። ወይዘሮ ለተማርያም ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ለስንት ተማሪ እንዳስተማሩ ትዝ አላቸው። ራሳቸው ተምረውት አያውቁም።

"እንግዲያው እኔ ልጠይቅ" አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ 'እርስዎ'ን ጣሉት። "ሽመልስ፣ አትሂድ። ቀሪውን ዕድሜያችንን አብረን እንኑር። አግባኝ።"

አንዲት አሮጊት "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። አንድ የድሮ ተማሪ "ቲቸር!" አለ። ውርደቱ እንደ ትኩሳት ወደ ፊታቸው ሲወጣ ዘምዘም ሁለት እጇን ዘርግታ መሀል ገባች።

"ምን ትላላችሁ? ኮረንቲው ነው! ኮረንቲ ላይ ናቸው፣ ያ ረቢ፣ ተዉዋቸው!"

"አሃ!" አለ ሸዋ በር። "ኮረንቲ ነው ለካ።" ቲማቲም ሻጩ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ያማተቡት አሮጊት "ምስኪን፣ እግዜር ይማራቸው" አሉ። ወይዘሮ ለተማርያም በሕይወታቸው እንደዚያች ደቂቃ ሳይንስን ወደውት አያውቁም።

አቶ ሽመልስ ግን ገና አልመለሱም። ኮፍያቸውን አወለቁ። ጆሯቸው ቀላ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኧረ ተይ… በዚህ ዕድሜ… ልጁስ ምን ይላል… ይቅር፣ አይሆንም" አሉ።

የወይዘሮ ለተማርያም ልብ ወደቀ። ረዳቱ "አባባ፣ ይገባሉ ወይስ እንሂድ?" አለ፤ ሞተሩ ተነሣ። ያኔ ቀና ብለው የሰውየውን ዓይን አዩ። ሽመልስ ወደ ሚኒባሱ እያዩ አልነበረም። ወደ እሳቸው ነበር የሚያዩት፣ የሚጠብቁ፣ ልክ እሳቸው ኮምፒውተሯን ሴትዮ እንደጠበቁት።

"በሞቴ!" አሉ ወይዘሮ ለተማርያም።

አቶ ሽመልስ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉና ረዳቱን "ሻንጣዬን አውርድልኝ" አሉት።

"እንግዲህ… ላላስቀይምሽ።"

ከጾሙ በፊት በቁርባን ተጋቡ። መቅደስ መጀመሪያ ስልክ ዘጋችባቸው፤ ቆይታ ባንኩን ሙሉ "እናቴ ኮረንቲ ተደርጎላት አገባች" እያለች ስታወራ ከረመች፤ ሦስት ባልደረቦቿ መሣሪያው ለላጤም ይሠራ እንደሆነ ጠየቋት። ዶክተር ያሬድም ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረ። አሁን እምቢ የተባለች እንደሆነ ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ትልና "በሞቴ!" ትላለች። ሰው ሁሉ አረንጓዴውን ይጫናል፣ ለአንድ ኪሎም ቢሆን።

ጥናቱ ሲዘጋ ዶክተሩ ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰውን ሊነግር ወጣ። ወይዘሮ ለተማርያምን ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን አገኛቸው። አቶ ሽመልስ ግቢ ውስጥ ጎሬ በየት በኩል እንደሆነ ለዘምዘም ሲያስረዱ ይሰማል፤ በባሌ በኩል ነው እያሉ።

"እማማ፣ ውጤቱ ተከፍቷል። ለእርስዎ የደረሰው የማስመሰያው ነበር።"

"ምን ማለት ነው?"

"ኮረንቲ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያሳክካል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከስፖንጁ ውሃ በቀር ምንም አላገኙም።"

ወይዘሮ ለተማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "እንግዲያው ሸዋ በር ላይ… ያን ሁሉ ሰው ፊት… ያ ሁሉ…"

"እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

መጀመሪያ ፊታቸው ተቃጠለ። ያ ሁሉ ሰው በዓይናቸው መጣ፤ ቲማቲም ሻጩ፣ አሮጊቷ፣ "ቲቸር" ያለው። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ሙቀት ነው፣ ኩራት ነው፣ የልጅነት ነገር ነው። እኔ ነኝ! ማንም ሳይገፋኝ እኔው ራሴ ሄጄ አመጣሁት! እየሳቁ እንባቸው ወረደ። ከዚያ ብድግ አሉና በሩን ገርበብ አድርገው ተመለሱ።

"ለማን ተናገርክ?"

"ለማንም።"

"እንዳትናገር። ለዘምዘም እንዳትናገር። ለመቅደስ እንዳትናገር። ለሽመልስማ ጭራሽ።"

"ለምን እማማ? ደስ የሚል ነገር እኮ ነው።"

"ሰው ምን ይለኛል!" አሉ ወይዘሮ ለተማርያም ከልባቸው ደንግጠው።

አቶ ሽመልስ በሩን ከፍተው ገቡ። ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ጠራርገው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ትሪውን አቀረቡ።

"ቅረብ ልጄ፣ ምሳ ብላ።"

"እሺ" አለ ዶክተር ያሬድ። እጁን ታጠበና ቀረበ።

ወይዘሮ ለተማርያም ድርቅ አሉ። አንዴ! አንዴ ብቻ ተጠይቆ! ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

"አየኸው? ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለው ልጅ ነው?"

"ተዪው" አሉ አቶ ሽመልስ እንጀራውን ወደ ልጁ እየገፉ። "ኮረንቲው ነው።"